የትንሽ ውሻ ፀጉር በጅማ፦ ይርዘም ወይስ ይቆረጥ?

ፀጉረ ረጅም ትንሽ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። ጅማ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሰኔ ነው። ነጩ ቡቺ ከግቢ ወጥቶ ሲመለስ እስከ ሆዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ብብቱ ሥር ደግሞ ማበጠሪያ የማያልፈው ነገር ተቋጥሯል። አንዱ የቤት ሰው “ተላጭቶ ይረፍ!” ይላል። ሌላዋ “ኧረ እንዳትነኩት፣ ውበቱ እኮ ፀጉሩ ነው!” ትላለች።

እኔ ሁለቱንም ወደ ጎን አድርጌ አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ በሳምንት ስንት ቀን ብሩሽ ትይዛላችሁ? ረጅም ፀጉር የሚያምረው የሚያበጥር እጅ ካለ ብቻ ነው። እጅ ከሌለ ውሻው ይሰቃያል፤ የሚያየው እንግዳ ግን “ሲያምር!” እያለ ያልፋል። ውሳኔው ላይ የሚያደርሱ ደረጃዎች አሉ። በቅደም ተከተል ሂዱ፤ በተለይ የመጀመሪያውን አትዝለሉት።

1. ቶንዶስ ከማንሳታችሁ በፊት የፀጉሩን ዓይነት ለዩ

ውሻው ጀርባ ላይ ፀጉሩን በጣታችሁ ከፈል አድርጋችሁ እስከ ቆዳው ግለጡት። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ፀጉር ከሆነ፣ ከሥሩም ሌላ ጥጥ መሰል ፀጉር ከሌለው፣ ነጠላ ፀጉር ነው። ማልቲዝ፣ ፑድልና ዮርክሻየር ቴሪየር እንዲህ ናቸው። ሺትዙና ላሳ አፕሶ ከሥር ለስለስ ያለ ፀጉር ቢኖራቸውም ለዚህ ጉዳይ ከእነዚህ ጋር ቁጠሯቸው። የሁሉም ፀጉር እንደ ሰው ፀጉር ዝም ብሎ ያድጋል። ቢቆረጥ ይመለሳል። ስለዚህ ምርጫው የእናንተ ነው።

ከላይ ጠንከር ያለ ረጅም ፀጉር፣ ከሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ጥጥ የመሰለ ፀጉር ካገኛችሁ ድርብ ፀጉር ነው። ፖሜራኒያንና ሌሎች የስፒትዝ ዘሮች እዚህ ውስጥ ናቸው። ይህን ውሻ አትላጩት። ከተላጨ በኋላ ፀጉሩ ለብዙ ወራት ሳይመለስ የሚቀርበት፣ ሲመለስም ቦታ ቦታው ሳስቶ ወይም ሻክሮ የሚወጣበት ውሻ አለ። ለእሱ መፍትሔው ብሩሽ ነው፤ ከመዳፉ ሥርና ከመቀመጫው አካባቢ ብቻ በመቀስ ይስተካከላል። የድርብ ፀጉር ባለቤት ከሆናችሁ የሚቀጥሉትን አራት ደረጃዎች እለፉና ስለ ማስረዘም ወደሚለው ወደ 6ኛው ሂዱ።

ከአዲስ አበባ “ንጹሕ ፑድል” ተብሎ የመጣ ቡችላ አድጎ ሌላ ነገር ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። የሻጩን ወሬ ትታችሁ ጣታችሁን እመኑ።

ቡችላ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ከ8 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ የቡችላ ፀጉሩ በአዋቂ ፀጉር ይተካል። በዚያ ወቅት አሮጌውና አዲሱ እየተጠላለፉ ቋጠሮው በየቀኑ ነው። “ትናንት አበጥሬው ነበር እኮ” የሚባለው ያኔ ነው። ለእነዚያ ወራት አሳጥሩት፤ ማስረዘሙን ከዚያ በኋላ ታስቡበታላችሁ።

2. ማበጠሪያው እውነቱን ይናገር

የብረት ማበጠሪያ ያዙ። አንድ ጫፉ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ያለ ጥርስ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ብሩሽ እዚህ ላይ ያታልላል። ላይ ላዩን አልፎ ፀጉሩን ያሳምረዋል፣ ቋጠሮው ግን ከሥር ቁጭ ብሎ ይቀራል።

ማበጠሪያውን ከቆዳው አስነስታችሁ ወደ ጫፍ ሳቡ። የምትፈትሿቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ አንገቱ ላይ ማሰሪያው የሚያርፍበት፣ የኋላ እግሮቹ ውስጠኛ ክፍል፣ ከጅራቱ ሥር፣ በመዳፎቹ ጣቶች መካከል። ጀርባውን ተዉት፤ ጀርባ ሁልጊዜ ደህና ነው።

ማበጠሪያው በሁሉም ቦታ ካለፈ፣ እስከ ዛሬ የምታደርጉት እንክብካቤ በቂ ነው፤ ረጅም ፀጉር ይገባችኋል። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ከያዘ፣ ሊፈታ ይችላል። ብዙ ቦታ ላይ ከያዘ፣ ወይም ቋጠሮው እንደ ብርድ ልብስ አንድ ላይ ተያይዞ ቆዳውን ከሸፈነ፣ ጥያቄው ተመልሷል፤ ይቆረጣል። “ትንሽ ትንሽ እያልኩ እፈታዋለሁ” ማለት ውሻውን ለቀናት ማሠቃየት ነው። የተቋጠረ ፀጉር በተራመደ ቁጥር ቆዳውን ይስባል። ከሥሩም እርጥበት ይዞ ይቆያልና ቆዳው ይቀላል፣ ይሸታል፣ ይቆስላል። ሰው ሲነካው መናከስ የጀመረ ትንሽ ውሻ ብብቱ ቢታይ፣ አንዳንዴ ምክንያቱ እዚያ ይገኛል።

የሚፈታ ቋጠሮ ካገኛችሁ አፈታቱ እንዲህ ነው። ፀጉሩ ደረቅ ይሁን። ቋጠሮውን ከቆዳው በኩል በሁለት ጣታችሁ ጨብጣችሁ ያዙት፤ ስትስቡት የሚሳበው ጣታችሁ እንጂ ቆዳው እንዳይሆን። ትንሽ የበቆሎ ስታርች ነስንሱበት፤ ያንሸራትተዋል። ከዚያ በጣታችሁ ቋጠሮውን ከፈል ከፈል አድርጉት። ከዚህ በኋላ ብቻ ማበጠሪያውን ከጫፍ ጀምሩ። ጫፉ ሲፈታ ትንሽ ወደ ሥር ጠጋ፣ ደግሞ ትንሽ ጠጋ። ከሥር የጀመረ ሰው ቋጠሮውን ያጠብቀዋል።

በመቀስ ቆርጣችሁ ለመገላገል አታስቡ። ቋጠሮው ሲሳብ ቆዳው አብሮ እንደ ድንኳን ይነሳል፣ ፀጉሩ ውስጥም አይታይም። መቀሱ ቆዳ ይዞ ይመጣል። የእንስሳት ሐኪሞች የሚሰፉት እንዲህ ያለ ቁስል ብዙ ነው።

3. ሳምንታችሁን በሐቅ ቁጠሩ

የረጅም ፀጉር ሥራ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ማበጠር፣ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ማጠብና ሙሉ ለሙሉ ማድረቅ ነው። “ሙሉ ለሙሉ” የሚለውን አስምሩበት። በከፊል የደረቀ ረጅም ፀጉር ራሱን በራሱ ይቋጥራል። ደመና በዋለበት ቀን፣ መብራትም ከጠፋ፣ ያጠባችሁትን ውሻ በምን ታደርቁታላችሁ? ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈርስ? ሻምፑውን ከረጅም ፀጉር አለቅልቆ ለመጨረስ ብዙ ጆግ ውሃ ይሄዳል።

የአጭር ፀጉር ሥራ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማበጠርና በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ መቁረጥ ነው። ተቆርጦ ይረሳል ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ያልተበጠረ አጭር ፀጉርም ሁለት ሳንቲሜትር ካለፈ ይቋጠራል።

ውሻው የሚውልበትንም እዩ። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ የሚውልና ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያባርር የሚውል አንድ አይደሉም። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ሥር የሚተኛ ከሆነ፣ የሚረዝመው ጅራት ከሰል ምድጃ አጠገብ ነው የሚወዛወዘው፤ ቄጠማውና ፈንዲሻውም ፀጉሩ ላይ ነው የሚያድረው። የጋራ ግቢ ከሆነ ጎረቤትም አለ። ጅማ ውስጥ እርጥብ ውሻ ሲነካቸው ለሶላት ልብስ መቀየር የሚኖርባቸው ብዙ ጎረቤቶች አሉ። ረጅም ፀጉር ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ውሻው ሲያራግፈውም ሩቅ ይደርሳል። ይህን አስቦ ማሳጠር ጉርብትና ነው።

ያረጀ ውሻ ከሆነ ደግሞ ብዙ አትመራመሩ፤ አሳጥሩለት። መገጣጠሚያው እያመመው ለማበጠር ግማሽ ሰዓት መቆም የለበትም። ፀጉሩ ሲያጥር መክሳቱም፣ መወፈሩም፣ ቆዳው ላይ የወጣ እብጠትም ቶሎ ይታያል።

4. ከጅማ ወቅት ጋር አስማሙት

ስለ ፀጉር የሚጻፈው ምክር አብዛኛው “በሙቀት ጊዜ አሳጥሩ” ይላል። እዚህ ብዙም አይሠራም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ሙቀቷ ውሻ የሚያስላጭ አይደለም። ውሻም ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለኩ ነው። የእኛ ጠላት እርጥበት ነው። ዝናቡ በመጋቢት ይጀምርና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይዘልቃል። በዓመት 1,500 ሚሊሜትር አካባቢ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር ሲረጥብ ደግሞ ምን እንደሚሆን ጂረን ዳገት ላይ በእግሩ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

ዝናቡ አበቃ ስትሉ ጭጎጎት ይመጣል። ከመስቀል በኋላ ሣሩ ደርቆ ልብስ ላይ የሚለጠፈው ያ ዘር ሁሉ፣ ረጅም ፀጉር ያለው ውሻ ሲያልፍ ይሳፈራል። አንዱ ጭጎጎት በአንድ ሌሊት የአንድ ቋጠሮ እምብርት ይሆናል። ጆሮና የጣቶች መካከል የገባ ሹል የሣር ዘር ደግሞ ቆዳ ሊበሳ ይችላል።

ስለዚህ እኔ ለጅማ የምመክረው ዓመቱን ለሁለት መክፈል ነው። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ሰውነቱ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ይሁን፤ ሆዱ፣ ብብቱና መዳፉ ከዚያም ያነሰ። የመጨረሻውን ቁረጥ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አድርጉ። ከዚያ ተዉት ይደግ። የእነዚህ ውሾች ፀጉር በወር አንድ ሳንቲሜትር አካባቢ ያድጋልና ለገናና ለጥምቀት ፏ ብሎ ይደርሳል። የታኅሣሥ ሌሊት ብርድም ያኔ ፀጉር አልብሶት ያገኘዋል። ጆሮውንና ጅራቱን ዓመቱን ሙሉ ሳትነኩ ብታቆዩ፣ “ውበቱ ፀጉሩ ነው” ያለችውም አትከፋም።

ማንም ቢሆን ግን እስከ ቆዳው ድረስ አይላጭ። ነጭ ውሻ ሮዝ ቆዳ ነው ያለው፤ ከተላጨ ፀሐይ ያቃጥለዋል። በተላጨ ቆዳ ላይ ትንኝም ቁንጫም እንደ ልባቸው ናቸው። መላጨት የሚፈቀድበት ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፦ መላ ሰውነቱ በቋጠሮ ከተሸፈነ ከሥር ከመግባት ውጭ መንገድ የለም። ያንን ደግሞ ባለሙያ ቢሠራው ይሻላል። ከባድ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ማደንዘዣ ሊጠቀም ይችላል።

5. ቤት ውስጥ ስትቆርጡ

የውሻ ፀጉር ቤት እንደ ሰው ፀጉር ቤት በየመንገዱ አይገኝም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሰፈሩ ያለውን ፀጉር አስተካካይ ነው። “ወንድሜ፣ ይሄ የሰው ማሽን ነው!” ብሎ ቢመልሳችሁ አትቀየሙት፤ ልክ ነው። ጭርት ከውሻ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ከሰውም ወደ ውሻ። የቤታችሁንም ቶንዶስ ከልጆቹ ጋር አታጋሩት። ለውሻው የራሱ ይኑረው፤ መብራት ሲጠፋ ግማሽ ጎኑ ተቆርጦ እንዳይቀር ቻርጅ የሚደረገውን ምረጡ።

ቀኑን አስቡበት። ፀሐይ ያለበት ጠዋት ይሁን። ውሻውን መጀመሪያ አበጥሩ፣ ከዚያ እጠቡ፣ ከዚያ ሙሉ ለሙሉ አድርቁ። ሳይበጠር የታጠበ ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ አይፈታም። የልብስ ሳሙናና ዱቄት ሳሙና አይሁን፣ ቆዳውን ያደርቀዋል። የውሻ ሻምፑ ካጣችሁ ለስላሳ የሕፃናት ሻምፑ ለአንድ ቀን ይበቃል። ቆሻሻ ያለበት ወይም እርጥብ ፀጉር ላይ ቶንዶስ ይጎትታል፣ ምላጩም ይደነዝዛል።

ጠረጴዛ ላይ የማያንሸራትት ነገር፣ አሮጌ ፎጣም ቢሆን፣ አንጥፉ። አንድ ሰው ይያዝ፣ አንድ ሰው ይቁረጥ። የያዘው ሰው ሥራ መታገል አይደለም፤ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ማውራት ነው። ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ለሰከንድም አትተዉት።

ሰውነቱን በ10 ወይም በ13 ሚሊሜትር መለኪያ ጀምሩ፤ በሰው ቶንዶስ ይህ ቁጥር 3 እና 4 ነው። ቶንዶሱ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ፣ ከአንገት ወደ ጅራት፣ ከትከሻ ወደ እግር ይሂድ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ካሰባችሁት በጣም ያጥራል። አትጫኑት፣ በራሱ ክብደት ይሂድ። በየሦስት አራት ደቂቃው ምላጩን የእጃችሁ አንጓ ውስጥ አስነኩ። ካቃጠላችሁ ውሻውንም እያቃጠለ ነው፤ አጥፍታችሁ ጠብቁ። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ምላጩ ላይ ቢደረግ ግለቱም ጩኸቱም ይቀንሳል።

አራት ቦታ ላይ እጃችሁ ይቀዝቅዝ። የመጀመሪያው ብብት ነው፤ እዚያ ቆዳው እንደ ክንፍ ይዘረጋል። ሁለተኛው የኋላ ጭኑና ሆዱ የሚገናኙበት ስስ እጥፋት ነው። ሦስተኛው ጡቶቹ ናቸው፤ ወንድም ቢሆን አሉት፣ ይረሳሉ። አራተኛው የጆሮ ጫፍ ነው። ጆሮውን በሁለት ጣታችሁ መካከል ይዛችሁ ቆዳው የሚያልቅበትን ዳሱ። ከጣታችሁ ውጪ ያለውን ብቻ ቁረጡ። የጆሮ ጫፍ ከተቆረጠ ትንሽ ነው፣ ደሙ ግን ውሻው ጭንቅላቱን ባራገፈ ቁጥር ግድግዳ ይቀባል።

ዓይኑ አካባቢ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መቀስ ብቻ ይግባ፣ ከዓይኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዛችሁ። ከጣቶቹ መካከል የሚወጣውን ፀጉር ከመዳፉ ሥር ጋር እኩል አድርጉት፤ ጭቃ ድቡልቡል ሆኖ የሚቀርበት እዚያ ነው። ጥፍሩንም አያችሁ ማለት ነው፣ አብሮ ይሠራ። መቀመጫው አካባቢ ይጠር። የወንዱ ሆድ በሽንት የሚረጥብበትም ይጠር። ፊቱ እናንተ እንደፈለጋችሁ።

6. ለማስረዘም ከወሰናችሁ

ውሻውን በጎኑ አስተኙት። ፀጉሩን በመስመር እየከፈላችሁ ቆዳው እንዲታይ አድርጉ፤ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ፀጉር እንደምትከፍለው። ከመስመሩ በታች ያለውን ብቻ ከሥር እስከ ጫፍ በሽቦ ብሩሽ አበጥሩ፣ ከዚያ ሌላ መስመር ክፈቱ። ሁሉም ሲያልቅ በብረት ማበጠሪያው አረጋግጡ።

ከዝናብ ሲመለስ እግሮቹን በሳፋ ለብ ባለ ውሃ አስነክራችሁ አለቅልቁ። በፎጣ ስታደርቁት ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት እንጂ አትሹት፤ ማሸት ቋጠሮ መሥራት ነው። ጭቃው ከሆዱ በላይ ካልወጣ ማጠብ ላያስፈልግ ይችላል። ይድረቅ፣ ከዚያ በብሩሽ ይራገፋል።

ነጭ ውሻ ካላችሁ አንድ ነገር ለዩ። የጅማ ቀይ አፈር በውሃ ይለቃል። ታጥቦ፣ ደርቆም በጣቶቹ መካከል ቡናማ ቀይ ሆኖ የሚቀረው ግን ብዙ ጊዜ ምራቁ ያቀለመው ነው፤ ውሻው እግሩን እየላሰ ነው ማለት ነው። ያሳክከዋል። ከዓይኑ ሥር የሚታየው ቀይ መስመርም የእንባ ቀለም ነው። እነዚህን መቁረጥ ይሸፍናቸዋል እንጂ አያድናቸውም።

ግንባሩ ላይ ፀጉሩን የምታስሩለት ከሆነ ለስላሳ ማሰሪያ ይሁን፣ በየቀኑም ይፈታ። የገንዘብ ላስቲክ ፀጉሩን ይበጥሳል፤ ተረስቶ ጆሮ ላይ ከጠበቀ ደግሞ ደም ይዘጋል። ለጋ ቅቤም ለእኛ ነው፤ ውሻ ላይ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ ውሻውም ይልሰዋል።

መዥገርና ቁንጫ በረጅም ፀጉር ውስጥ ይደበቃሉ። በየምሽቱ በጣት ጫፍ ጆሮውን፣ አንገቱንና ጣቶቹ መካከል ዳብሱ። ነጭ ጋዝ መቀባት፣ ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት በግምት በጥብጦ ማጠብ የተለመደ ነው፤ ሁለቱም ትንሽ ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ውሻ እንደ በሬ አይለካም። የእንስሳት ሐኪም በክብደቱ የሚሰጠውን ውሰዱ። በዚያው የዓመቱን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡ፤ ፀጉሩን የሚነካ እጅ ሁሉ አፉ አጠገብ ነውና።

ተቆርጦ ወይም ሳይቆረጥ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ክብ ሆኖ ከተመለጠ፣ ቅርፊት ካለው ወይም ቤት ውስጥ ሰውም ማከክ ከጀመረ ጭርት ወይም እከክ ሊሆን ይችላል። ነጠላ ፀጉር ያለው ውሻ ተቆርጦ ሁለት ወር ሙሉ ምንም ካላደገም፣ በተለይ እየወፈረና እየደከመ ከሆነ፣ ችግሩ ከቆዳው በታች፣ ከሆርሞን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በቶንዶስም በሻምፑም የሚፈቱ አይደሉም። ወደ ሐኪም ስትወስዱት ቀድማችሁ አትጠቡት፤ ቅርፊቱና ፀጉሩ ለምርመራ ይፈለጋል።